የሞተር ኮምፒውተር ስለማስነካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሪማፕ ብዙ ይወራል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ የሻጭ ወሬ። እዚህ ያሰባሰብኩት ጓደኞቼ፣ የጓደኞቼ ጓደኞች፣ አንዳንዴም ጋራዥ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅኳቸው ሰዎች የሚጠይቁኝን ነው። መልሱን በተለይ አዲስ አበባ ላይ ለሚነዳ ሰው ብዬ ነው የጻፍኩት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምንኖረው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የሪማፕ ወሬ በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን አይቆጥርም።

ሪማፕ ማለት በትክክል ምን ማድረግ ነው?

ካርቡራተር ከቀረ ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር አለው። ኢሲዩ ይሉታል። ጋራዥ ውስጥ ግን "ኮምፒውተሩ" ነው የሚባለው። በአዳዲሶቹ መኪኖች ፔዳሉን ስትረግጡ ነዳጅ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁም። እናንተ ትጠይቃላችሁ፣ እሱ ይወስናል። ምን ያህል ነዳጅ ይረጭ? ካንዴላው መቼ ይተኩስ? አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ምን ያህል ይንፋ? ይህን ሁሉ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይወስናል።

የሚወስነው ሰንጠረዥ እያየ ነው። ልጅ ሆነን ደብተር ጀርባ ላይ የነበረውን የማባዣ ሰንጠረዥ አስታውሱ። በአንዱ ጎን የሞተሩ ዙር አለ፣ በሌላው ጎን ሞተሩ የተሸከመው ጫና። ሁለቱ የሚገጥሙበት ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ተጽፏል። ኮምፒውተሩ ያንን ቁጥር አንብቦ ይሠራል። ሰንጠረዡ ማፕ ይባላል። በአንድ ዘመናዊ ናፍታ መኪና ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማፖች አሉ። ሪማፕ ማለት ከእነዚህ ጥቂቶቹን መርጦ ቁጥራቸውን መቀየር ነው፤ ቱን ማድረግም ይሉታል። በቃ።

"ቺፕ ማስቀየር" የሚለው አባባል የድሮ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ፕሮግራሙ ያለበት ቺፕ ተነቅሎ በሌላ ይተካ ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ ከመሪው ሥር ባለችው የኦቢዲ ቱ መመርመሪያ ሶኬት በኩል ነው የሚጻፈው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ግን ተፈቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ካልሆነ አይከፈትም።

ጉልበቱ ካለ ፋብሪካው ለምን ደበቀው?

የደበቀው የለም። ያው መኪና ኖርዌይ በረዶ ላይ ይነዳል፣ ሳዑዲ በረሃ ላይም ይነዳል። አንዱ ጥሩ ነዳጅ ይሞላለታል፣ ሌላው ያገኘውን። አንዱ ዘይቱን በጊዜው ይቀይራል፣ ሌላው ሲጠቁር እንኳ ግድ የለውም። ፋብሪካው ለሁሉም የሚሆን መጠባበቂያ ይተዋል። ሪማፕ የሚበላው ያንን መጠባበቂያ ነው። ባዶ እጅ የሚመጣ ጉልበት የለም ለማለት ነው።

የቶዮታ ሃይሉክስ 2.8 ሊትር ናፍታ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ 177 የፈረስ ጉልበትና በአውቶማቲኩ 450 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጎተት ኃይል) ነበረው። በ2020 ወደ 204 እና 500 ከፍ አለ። ሶፍትዌር ብቻ ነክተው ነው? አይደለም። ቱርቦው ተለወጠ፣ የነዳጅ መርጫው ተስተካከለ፣ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ሳይቀሩ ተነኩ። 27 ፈረስ ለመጨመር ቶዮታ ይህን ሁሉ ከቀየረ፣ "በግማሽ ሰዓት ውስጥ 50 እጨምርልሃለሁ" የሚለው ሰውዬ ከየት እንደሚያመጣው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፎልክስቫገን ጎልፍ 7ም እንዲሁ ነው። ጂቲአይ የሚባለው ዓይነቱ 220፣ አር የሚባለው ደግሞ 300 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ሞተሩ አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ሰው ልዩነቱ ሶፍትዌር ብቻ ይመስለዋል። የአር ቱርቦ ግን ተለቅ ያለ ሌላ ቱርቦ ነው።

ቪትዝ አለኝ። ዳገት ላይ ነፍሷ ትወጣለች። ሪማፕ ይረዳታል?

በጣም የምጠየቀው ይህ ነው። አጭሩ መልስ፦ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ባለ 1 ሊትሯ ቪትዝ ፋብሪካ ስትወጣ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። ይህ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ እንጦጦ መውጫ ላይ በእጃችሁ ያለው 50 ፈረስ ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በፈጣን መንገዱ አዳማ ስትደርሱ መኪናዋ የነቃች የሚመስላችሁም ለዚህ ነው። ከ600 ሜትር በላይ ወርዳችኋል።

ሪማፕ አየር አይፈጥርም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ላይ የሚገኘው ጭማሪ በጥሩ ሁኔታ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በ50 ፈረስ ላይ 3 ወይም 4 ፈረስ ማለት ነው። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ቢወርድ ከዚያ የበለጠ ለውጥ ታያላችሁ።

ይልቅ ይህን አድርጉ። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ተመልከቱ። በእኛ አቧራ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር እስኪሞላ መጠበቅ ቀልድ ነው። ካንዴላዎቹን ቀይሩ። የአየር ማስገቢያው ጉሮሮ ይጠረግ። የጎማ ንፋስ ይለካ። ማርሚታው ጋ ያለው፣ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ተዘግቶ ከሆነ ሞተሩ መተንፈስ አይችልም፣ እሱም ይታይ። አንድ የማውቀው ልጅ ለሪማፕ ያጠራቀመውን ብር ይዞ ሄዶ በፊልትሮና በአራት ካንዴላ ጨርሶ ተመለሰ። እስካሁን "ቱን አድርገሃት ነው አይደል?" ይሉታል።

ከፍታው አንድ የሚክሰን ነገር አለ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያለጊዜው ፈንድቶ የመንኳኳት አደጋው ይቀንሳል። ከፍታ ላይ ባለችው የአሜሪካዋ ዴንቨር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ማደያ ላይ በዓይናቸው ያዩታል። ሌላው የአሜሪካ ክፍል ላይ መደበኛው ቤንዚን 87 ኦክቴን (ቤንዚኑ መንኳኳትን የሚቋቋምበት መለኪያ) ሲሆን እዚያ 85 ይሸጣል። ቱርቦ ላለው መኪና ግን ይህ አይሠራም፤ ቱርቦው የጎደለውን አየር መልሶ ይሞላዋልና።

የእኔ ዲኤክስ ናት። እሷስ?

ዲኤክስ ካርቡራተር ነው ያላት። የሚነካ ኮምፒውተር የላትም። ላዳም እንዲሁ። "ኮምፒውተሯን አስተካክልልሃለሁ" ያላችሁ ሰው ካለ ስሙን ንገሩኝ፣ ላደንቀው እፈልጋለሁ።

ቱርቦ ናፍታ ፒካፕ አለኝ። ለእሱ ግን ይሠራል አይደል?

አዎ፣ እዚህ ላይ ነገሩ እውነተኛ ነው። ቱርቦ ያለው ናፍታ ላይ ሻጮች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ጭማሪ ይላሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ጤነኛ ሞተር ላይ፣ ይህ የሚደረስበት ነው። ለውጡም ይታወቃል፤ በዝቅተኛ ዙር ላይ ይጎትታል፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀነስ አያስፈልግም።

እኛ ጋ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቱርቦው ሞተሩ ውስጥ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ፍጹም ግፊት፣ ማለትም የውጪው አየር ግፊት ጭምር ተቆጥሮ፣ እንዲያስገባ ታዘዘ እንበል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የውጪው አየር 1 ባር ነው። ስለዚህ አየሩን 2 እጥፍ ቢጨምቀው ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ የውጪው አየር 0.76 ባር አካባቢ ነው። እዚያው ለመድረስ 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። አሁን ሪማፑ 0.3 ባር ቢጨምርበት፣ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው። ገና ሳትነኩት እዚህ ከተማ ውስጥ ከአቅሙ ጠርዝ ብዙም አይርቅም።

ፋብሪካው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የውጪውን አየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አለው። ከፍታው ሲጨምር ቱርቦውንና ነዳጁን ቀነስ ያደርጋል። የዋህ ሠሪ ይህንን "የፋብሪካ ገደብ" ብሎ ያጠፋዋል። መኪናው ለሦስት ሳምንት ይበራል። ከዚያ የቱርቦ ፉጨት ይሰማል፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ የቱርቦ ዋጋ ለመጠየቅ ሱቅ ለሱቅ መዞር።

ጠንቃቃው ሠሪ የከፍታ መከላከያውን አይነካም። ጭማሪውን መካከለኛው ዙር ላይ ያደርገዋል፣ ጫፉን ይተወዋል። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ ግን የምትፈልጉት እሱን ነው።

የተቀየረው ማፕ ያለበትን ፋይል ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ኦንላይን ብገዛስ? ርካሽ ነው።

ከላይ ያለውን ካነበባችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ያ ፋይል የተዘጋጀው ባሕር ጠርዝ ላይ ለሚነዳ፣ ነዳጁ ለሚታወቅ መኪና ነው። የእናንተን ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ) አላየም። የናፍታችሁን ጥራት አያውቅም። ልብስ በስልክ እንደማሰፋት ነው። አንዳንዴ ልክ ይመጣል።

የግድ ከሆነ፣ ሠሪው ከተጻፈ በኋላ መኪናውን ጭነት ላይ እየነዳ የሴንሰሮቹን ቁጥር በላፕቶፕ መቅዳት አለበት። የታዘዘው ግፊትና የተገኘው ግፊት ይተያዩ። የነዳጁ ግፊት ይታይ። ከተቻለ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይለካ። ይህን የማያደርግ ሰው ቱን አላደረገም፣ ፋይል ገለበጠ እንጂ።

ጥቁር ጭስ ካወጣ ጉልበት አለው ማለት ነው?

አይደለም! ጥቁር ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። አየሩ ሳይበቃ ናፍታ ተጨመረ ማለት ነው። በናፍታ ሞተር ላይ ይህ ሙቀት ያመጣል። ፒስተን የሚሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከተማ ውስጥ ለአምስት ሰከንድ ብትረግጡት ምንም አይሆንም። ከዓባይ ድልድይ ተነስታችሁ ወደ ደጀን ጭነት ይዛችሁ ስትወጡ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ያለማቋረጥ ዳገት ነው። ሞተሩ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ የለም። ብዙ ሞተር የሚያልቀውም እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ነው።

ሌላ የሚጎዳ ነገር አለ?

ፍሪሲዮን። ማንዋል ካምቢዮ ያለው ፒካፕ ላይ መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው እሱ ነው። ዙሩ ይጨምራል፣ መኪናው ግን አይሄድም፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም የተሠሩት ለተወሰነ ቶርክ ነው። ያረጀ ኢንጀክተር ካላችሁ ደግሞ ሪማፕን ለጊዜው እርሱት። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ላይ ግፊት መጨመር ፒስተን መብሳት ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ከሪማፕ በፊት የሞተሩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበት አቅም)፣ የኢንጀክተሮቹ ማስተካከያ ቁጥርና የቱርቦው ቱቦዎች መታየት አለባቸው። የ"ቼክ ኢንጂን" መብራት እየበራ ሪማፕ የሚያስደርግ ሰው አለ። ኮዱን አጥፍቶ መሄድ ጥገና አይደለም።

ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ። እውነት ነው?

ናፍታ ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በዝቅተኛ ዙር ስለሚጎትት ነው። ግን እንደ በፊቱ ተረጋግታችሁ ከነዳችሁ ብቻ። አዲስ ጉልበት አግኝቶ እንደ በፊቱ የሚነዳ ሰው ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ "በ100 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር" የሚለው ቁጥር የሚሰላው ኮምፒውተሩ ራሱ ረጨሁ ብሎ ካሰበው ነዳጅ ነው። አንዳንድ ሪማፕ ይህንን ስሌት ያዛባል። የሚረጨው ጨምሮ የሚታየው ይቀንሳል። ትክክለኛው መለኪያ የድሮው ነው፦ ሙሉ አስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፣ ንዱ፣ እንደገና ሙሉ አስሞሉና አካፍሉ። እንደ ነዳጅ ሰልፉ ሁኔታ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሶኬቱ ላይ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ ስትሸጥ አየሁ። "ነዳጅ ቆጣቢ፣ ጉልበት ጨማሪ" ይላል።

ከፍተው ያዩዋቸው ሰዎች ብልጭ ድርግም ከሚሉ አምፖሎች በቀር ከመኪናው ጋር የሚነጋገር ነገር አላገኙባቸውም። እለፏት።

ፔዳል ቦክስ የሚባለው ሌላ ነው። እሱ የምር ይሠራል፤ ግን ጉልበት አይጨምርም። ግማሽ ስትረግጡ "ሙሉ ረገጠ" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል። መኪናው ፈጣን ሆነ ያስብላል፣ ፔዳሉ መጨረሻው ጋ ሲደርስ ግን ያው የድሮው መኪና ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከነዳጅ ግፊት ሴንሰሩ መስመር ላይ የሚገባ ሳጥን ነው። ግፊቱ ዝቅ ያለ አስመስሎ ኮምፒውተሩን ያስጨምራል። ጉልበት ይጨምራል። ጥቅሙ ነቅላችሁ ማውጣት መቻላችሁ ነው። ጉዳቱ ኮምፒውተሩ የሞተሩን እውነተኛ ሁኔታ አለማወቁ ነው።

ሲጻፍ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል?

ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተራ ነገር ነው፦ ባትሪ። ሥራው ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ነው። ደክሞ የቆየ ባትሪ መሃል ላይ ከወረደ ፕሮግራሙ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ መኪናውም አይነሳም። ስለዚህ ጥሩ ባትሪ ላይ የሚደግፍ ቻርጀር ይሰካል። እኛ ጋ መብራትም ስለሚጠፋ፣ ቻርጀሩ ብቻውን አይታመንም፤ ባትሪው ራሱ ጤነኛ መሆን አለበት። የታወቁት መጻፊያ መሣሪያዎች ርካሽ ቅጂም ገበያው ላይ ሞልቷል። ብዙ ኮምፒውተር የሞተው በእነሱ ነው።

የሞተ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ሊድን ይችላል። ግን የሚድነው ዋናው ፋይል ካለ ነው። የእኔ መኪና ላይ ይህን በከባድ መንገድ ነው የተማርኩት። የሠራልኝ ልጅ መጀመሪያ የነበረውን ፋይል ሳያስቀምጥ ነበር የጻፈበት። ወደ ነበረበት መልስልኝ ስለው ከሌላ መኪና የተወሰደ ፋይል አመጣልኝ። ቁልፉን የሚያውቀው ሲስተም አልቀበል አለ፤ ሁለት ሳምንት በሚኒባስ ተመላለስኩ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት "ኦሪጅናል ፋይሉን በፍላሽ ስጠኝ" በሉ። ካቅማማ፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ኢጂአርና ዲፒኤፍ ማስዘጋትስ?

ኢጂአር የጭሱን ከፊል መልሶ ሞተሩ ውስጥ ያስገባል፤ ዲፒኤፍ ጥላሸቱን ያጠምዳል። ሁለቱም የሚቆሽሹት በአጭር አጭር መንገድ ሲነዱና ነዳጁ ንጹሕ ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለዚህ ሰው ያማርራቸዋል፣ በሶፍትዌርም ያስዘጋቸዋል። አልፈርድም፤ ግን ያ ጥላሸት የትም አይጠፋም። ኋላችሁ ያለው የሚኒባስ ተሳፋሪ ይተነፍሰዋል። ማጽዳት ሲቻል ማጽዳት ይሻላል።

የምኖረው ውጭ ነው። ሕጉ ምን ይላል?

ከ2015 የፎልክስቫገን ቅሌት ወዲህ ነገሩ ጠብቋል። ኩባንያው፣ መኪናው የጭስ ምርመራ ላይ መሆኑን አውቆ ያኔ ብቻ ጭሱን የሚቀንስ ሶፍትዌር 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ላይ ጭኖ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ የጭስ መቆጣጠሪያን ማጥፋት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ላላችሁ ደግሞ፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የስሞግ (የጭስ) ምርመራው ሶፍትዌሩን ራሱን ያያል። የግዛቱ አካል ያላጸደቀው ሶፍትዌር ከተገኘ መኪናው ይወድቃል፤ ሶፍትዌሩ ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም ተመልሶ መኪናው እንደገና ይቀርባል። ጀርመን ውስጥ ለውጡ በምርመራ ተረጋግጦ ሰነድ ላይ ካልገባ መኪናው መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ያጣል፤ ኢንሹራንሱም ችግር ውስጥ ይገባል።

ዋስትና ያለው መኪና ከሆነ አትቸኩሉ። ሶፍትዌሩን ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም ብትመልሱት እንኳ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር ኮምፒውተር አለ። ፎልክስቫገንና አውዲ የተነካ መኪና ሲያገኙ ሲስተማቸው ላይ "ቲዲ1" የሚል ምልክት ያደርጉበታል፤ ከዚያ በኋላ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ሲጠየቅ ክርክር ነው።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። የተነካ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

እርግጠኛ የሚያደርገው ፋይሉን አንብቦ ከፋብሪካው ጋር ማስተያየት ነው። ያ ካልተቻለ ምልክቶቹን ተመልከቱ። የኮምፒውተሩ ክዳን የተከፈተበት፣ በሲሊኮን የተለጠፈ ከሆነ ጠይቁ። በሦስተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ሙሉ ረግጣችሁ ፍሪሲዮኑን ፈትኑት። ኢጂአሩ ላይ በቆርቆሮ የተዘጋ ነገር ካለና ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት ከሌለ፣ ሶፍትዌሩም ሳይነካ አይቀርም። ሻጩ "ቱን የተደረገ ነው" ብሎ በኩራት ዋጋ ከጨመረ፣ እናንተ ቀንሱ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ጉልበቱ እዚያም በሶፍትዌር ይወሰናል። ቴስላ ራሱ ለሞዴል 3 ሎንግ ሬንጅ በ2,000 ዶላር የፍጥነት ጭማሪ በኢንተርኔት ይሸጥ ነበር። እኛ ጋ ግን እስካሁን የምሰማው ጥያቄ ከቻይና ገበያ የመጣን መኪና ቋንቋ ስለማስቀየር ነው። ጉልበት የጠየቀኝ የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ቀጭኑ አየር ስለማይመለከተው እንጦጦ ላይም አዋሽ ላይም ጉልበቱ ያው ነው።